ሞተሩን ያቃጠለው መብራት ኃይል ነው ወይስ የራሳችን ሳጥን?

አንድ ባለንብረት የወፍጮ ወይም የእንጨት ሥራ ማሽን ሊገዛ ሲነሳ በሞተሩ ላይ ሳምንት ሙሉ ይከራከራል። የየት አገር ሥራ እንደሆነ፣ ስንት የፈረስ ጉልበት እንዳለው፣ ጥቅሉ መዳብ ይሁን አሉሚኒየም ያጣራል፤ አዋቂ ይዞ ይሄዳል፤ ሁለት ሦስት ሱቅ ያወዳድራል። ሞተሩ ተጭኖ ካለቀ በኋላ ግን «የማስነሻው ዕቃስ?» ሲባል «አንዱን ስጠውና ይሂድ» ብሎ ይጨርሳል። ያ «አንዱ» የተባለው ዕቃ ሞተሩን፣ ገመዱንና አንዳንዴም የሠራተኛውን ነፍስ የሚጠብቅ ሆኖ ሳለ በገበያችን እንደ ምርቃት ነው የሚቆጠረው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ከቦታ ቦታ አይለያይም። ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ ከሦስቱ ፌዝ አንዱ ይጠፋል። አንዳንዱ አምፖል ይፈዝዛል፣ አንዳንዱ እንደ ቀድሞው ይበራል። ሞተሩ አይቆምም፤ ድምፁ ብቻ ይጎረናል። ሠራተኛውም «መብራት አለ እኮ» ብሎ እህሉን መጨመሩን ይቀጥላል። ጥቂት ቆይቶ የቫርኒሽ ሽታ ቤቱን ይሞላዋል። በማግሥቱ ሞተሩ ወደ ጠቅላዮች ይሄዳል፤ ወፍጮው ይዘጋል፤ ደንበኛው ጎረቤት ላለው ተፎካካሪ እህሉን ይዞ ይሻገራል። ባለቤቱም ለጠየቀው ሁሉ «መብራት ኃይል አቃጠለብኝ» ይላል።

ግማሹ እውነት ነው። ፌዙ የጠፋው ከውጭ ነው። ይሁን እንጂ ፌዝ ሲጠፋ ሞተሩን በደቂቃዎች ውስጥ ማቆም የነበረበት ዕቃ ያለው ከባለንብረቱ ግድግዳ ላይ፣ በባለንብረቱ ሳጥን ውስጥ ነው። ለምን አላቆመውም? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ብሬከር ወይም ኮንታክተር የሚባለው እጅ ነው፤ መስመሩን ይቆርጣል፣ ይቀጥላል። ሪሌ የሚባለው ደግሞ ዓይንና ውሳኔ ነው፤ በመስመሩ የሚያልፈውን ኃይል እየለካ «ይህ ጤነኛ ጭነት ነው፣ ይህ ብልሽት ነው» ብሎ ይፈርዳል፤ ለእጁም «ቁረጥ» ይለዋል። ገበያው «ኦቨርሎድ» የሚላት ከኮንታክተሩ ሥር የምትሰካዋ ትንሽ ዕቃ ከሪሌ ዓይነቶች አንዷ ናት። በፊቷ ላይ በካቻቢቴ የምትዞር ቁጥር ያለባት ቁልፍ አለች። ኪሳራውም ትርፉም ያለው በዚያች ቁልፍ ላይ ነው።

በምሳሌ እንየው። 22 ኪሎዋት ሞተር ቢኖርዎትና በገላው ላይ በተለጠፈችው ሰሌዳ 42 አምፔር ተብሎ ቢጻፍ፣ በቀጥታ የሚነሳ ከሆነ ኦቨርሎዷ 42 ላይ መሞላት አለባት። ሙሉ ጭነት ላይ እያለ አንድ ፌዝ ቢጠፋ፣ ሞተሩ ያንኑ ሥራ በቀሩት ሁለት ሽቦዎች ለመሥራት ስለሚታገል በእያንዳንዳቸው 73 አምፔር ገደማ ይስባል። በትክክል የተሞላች የተለመደችው «ክላስ 10» ኦቨርሎድ ከልኳ አንድ ተኩል እጥፍ ሲያልፍባት በአራት ደቂቃ ውስጥ ትቆርጣለች። በ73 አምፔር ደግሞ ከዚያም ትፈጥናለች። ሞተሩ ይተርፋል።

ብዙው ትልልቅ ሞተር ግን በቀጥታ አይነሳም፤ «ስታር ዴልታ» በሚባለው በሦስት ኮንታክተር ዘዴ ነው የሚነሳው። በዚህ ዘዴ ኦቨርሎዷ ብዙውን ጊዜ የምትቀመጠው ከዋናው ኮንታክተር ሥር፣ ኃይሉ ወደ ጥቅሎቹ ከሚከፋፈልበት ቦታ ወዲያ ነው። እዚያ የምታየው የሙሉውን ኃይል 58 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ለ42 አምፔሩ ሞተር መሞላት ያለባት 24 ላይ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ይህን ረስቶ ወይም ሳያውቅ የሰሌዳውን ቁጥር አይቶ 42 ላይ ከሞላት፣ ሞተሩ 72 አምፔር እስኪስብ ድረስ «ጤነኛ ነው» እያለች ትቀመጣለች ማለት ነው።

አሁን አንድ ፌዝ ይጥፋ። ከሦስቱ ጥቅሎች በአንዱ 48 አምፔር ያህል ይሮጣል፤ ሊሸከም ከሚገባው 24 እጥፍ ነው። ሙቀት በኃይሉ ካሬ ስለሚያድግ ያ ጥቅል አራት እጥፍ ይግላል። 42 ላይ የተሞላችው ኦቨርሎድ ግን የሚታያት ከልኳ በ15 በመቶ ብቻ ያለፈ ጭነት ነው። ፌዝ መጥፋቱን ለይታ የማታውቅ ተራ ዓይነት ከሆነች፣ ለዚህን ያህል ትንሽ ብልጫ ከአንድ ሰዓት በላይ መታገሥ ሥራዋ ነው፤ ደንቡም እንዲያ ይፈቅድላታል። ሞተሩ ሲቃጠል እሷ አልተበላሸችም። የታዘዘችውን ነው የፈጸመችው።

ይህ በስህተት የሚደረገው ነው፤ በማወቅ የሚደረገውም አለ። ኦቨርሎዷ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ስትቆርጥ ሥራው ይስተጓጎላል፤ አለቃው ይቆጣል፤ ሠራተኛውም ካቻቢቴ አንስቶ ቁልፏን እስከ መጨረሻው ያዞራታል። ፊውዝ ሲቀልጥ በቀጭኗ የፊውዝ ሽቦ ፋንታ የመዳብ ሽቦ ይጠመዝዛል። ብሬከሩ ሲወርድ በትልቅ አምፔር ይተካል፤ ገመዱ ግን ያው የድሮው ቀጭን ገመድ ነው። ብሬከር በመጀመሪያ የሚጠብቀው ገመዱን መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም። 16 አምፔር ከሚችል ገመድ ላይ 40 አምፔር ብሬከር የሰቀለ ሰው ገመዱን ራሱን ፊውዝ አድርጎታል፤ ያውም በጣሪያና በግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ፊውዝ።

ወደ ጠፋው ፌዝ ልመለስና አንድ ነገር ልጨምር። የራሱ ትራንስፎርመር ያለው ፋብሪካ ከ15 ሺህ ቮልቱ መስመር አንድ ፊውዝ ብቻ ሲወርድበት ምልክቱ ሌላ ነው። በተለመደው ዓይነት ትራንስፎርመር በወዲህኛው ወገን አንዱ ፌዝ 220 ቮልት እንደያዘ ይቀራል፤ ሁለቱ ወደ 110 ገደማ ይወርዳሉ። በዚህ ጊዜ ከሞተሩ ሦስት ሽቦዎች በአንዱ ከሁለቱ እጥፍ የሚሆን ኃይል ይሄዳል፤ በሁለቱ ግን ብልጫው ትንሽ ነው። ሁለቱን ሽቦ ብቻ የምታይ የድሮ ኦቨርሎድ የተጎዳው ሽቦ ሦስተኛው ከሆነ ምንም አይታያትም። ከምናለሽ ተራ አሮጌ ማስነሻ የሚገዛ ሰው በሦስቱም ሽቦ ላይ የሚለካ መሆኑን ማየት ያለበት ለዚህ ነው። ከዚህም የሚሻለው «ፌዝ ፌለር ሪሌ» የሚባለውን ጨምሮ መግዛት ነው። ይህ ዕቃ የሞተሩን መጋል አይጠብቅም፤ ፌዝ ሲጠፋ፣ ቮልቴጅ ሲወርድ ወይም የፌዞቹ ተራ ሲገለበጥ በሰከንዶች ውስጥ ያቆማል። አንድን ሞተር ከማስጠቅለል ጋር ሲነጻጸር ወጪው የሚያነጋግር አይደለም።

የብሬከር ገዢ ደግሞ ከአምፔሩ ሌላ ሁለት ነገር ያንብብ። ከአምፔሩ ቁጥር ፊት ያለችው ፊደል ቀልድ አይደለችም። «ቢ» የተጻፈበት ከልኩ ከ3 እስከ 5 እጥፍ ሲመጣበት ወዲያውኑ ይቆርጣል፤ «ሲ» ከ5 እስከ 10 እጥፍ፣ «ዲ» ከ10 እስከ 20 እጥፍ ይታገሣል። ሞተር ሲነሳ ከስድስት እጥፍ በላይ ስለሚስብ የመኖሪያ ቤት ብሬከር ማሽን ላይ ተሰቅሎ ቢወርድ ሊገርመን አይገባም። ሁለተኛው በትንሽ አራት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈው 4500 ወይም 6000 ወይም 10000 የሚል ቁጥር ነው። ይህ ብሬከሩ ሳይፈነዳ ሊቆርጠው የሚችለው የመጨረሻው የሾርት ኃይል ነው፣ በአምፔር። 315 ኬቪኤ ትራንስፎርመር በ400 ቮልት ሙሉ ጭነቱ 455 አምፔር ነው፤ ከሥሩ ሾርት ቢፈጠር ግን ከ11 ሺህ አምፔር በላይ ሊያወርድ ይችላል። እዚያ አጠገብ 6000 የተጻፈበትን ብሬከር መስቀል የሰፈር አጥር ዘበኛን ድንበር ጠብቅ ብሎ እንደ መላክ ነው። ቁጥሩ ጭራሽ ያልተጻፈበት ወይም በጥፍር ሲፋቅ የሚለቅ ከሆነ ደግሞ ዋጋውን አይጠይቁ።

አንዳንዱ ባለንብረት የሚያማርረው ሌላ ነገር ነው። «አንዲት መፍጫ ስትበላሽ ፋብሪካው በሙሉ ይጨልማል» ይላል። ይህ የተራ አለመጠበቅ ነው። ለብልሽቱ ቅርብ የሆነው ቀድሞ መቁረጥ፣ የሩቁ መታገሥ ይገባዋል፤ ይህ እንዲሆን የዋናውና የቅርንጫፉ ልኮች አንድ ላይ ተሰልተው መሞላት አለባቸው። እያንዳንዱን ብሬከር በየጊዜው ከየሱቁ ለቃቅሞ የሰቀለ ሰው ይህን ተራ አያገኝም።

ልክ ሞልቶ መርሳት የኛ ብቻ በሽታ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1965 ከምሽቱ 11 ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ በካናዳ ናያጋራ አጠገብ ካለው የአዳም ቤክ ጣቢያ ወደ ቶሮንቶ አቅጣጫ ኃይል ከሚወስዱት አምስት ባለ 230 ሺህ ቮልት መስመሮች አንዱ ተቆረጠ። መስመሩ ምንም ብልሽት አልነበረበትም። ሪሌው ከዓመታት በፊት በ375 ሜጋ ዋት ገደማ እንዲቆርጥ ተሞልቶ ነበር፤ ጭነቱ ከዓመት ዓመት አድጎ እዚያው ልክ ላይ ደረሰ፤ ሪሌው የጤነኛን ጭነት ዕድገት እንደ ብልሽት ቆጥሮ ፈረደ። የቀሩት አራቱ መስመሮች ሸክሙን መቻል አቅቷቸው በሰከንዶች ውስጥ ተከተሉት። ኒውዮርክን ጨምሮ 30 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በጨለማ ዋለ፤ አንዳንዱ ቦታ እስከ 13 ሰዓት ቆየ። በህንድም እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2012 ከቢና ወደ ግዋሊዮር የሚሄደው ባለ 400 ሺህ ቮልት መስመር የተቆረጠው በሾርት ሳይሆን ሪሌው ከባድ ጭነትን ከሩቅ ብልሽት መለየት አቅቶት ነው። በማግሥቱ ያው ነገር ተደገመና ከ600 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በሚኖርበት አካባቢ ኃይል ጠፋ።

ወፍጮ ቤትና የናያጋራ ጣቢያ በመጠን አይገናኙም፤ በሽታው ግን ዘመድ ነው። አምና በሁለት ማሽን የጀመረ ባለንብረት ዘንድሮ አምስት አድርሷል። ዋናው ገመድ፣ ዋናው ብሬከርና ልኮቹ ግን የአምናዎቹ ናቸው።

ያገለገለ ማሽን ወይም ሙሉ ፋብሪካ የሚያሻሽጡ ደላሎችም ሆኑ ገንዘባቸውን የሚያፈሱ ባለሀብቶች ሕንፃውንና የማሽኑን ዕድሜ ሲጠይቁ ኤሌክትሪክ ክፍሉን በር ላይ ቆመው አይተው ያልፋሉ። የሪሌዎቹ ልክ የተጻፈበት ወረቀት አለ ወይ? መጨረሻ የተፈተኑት መቼ ነው? ብለው ይጠይቁ። የ15 ሺህ ቮልት ብሬከር ባለበት ቦታ ደግሞ ባትሪውን ያስለኩ። ብዙው ዓይነት ሪሌ ፈርዶ «ቁረጥ» ሲል ትእዛዙን እስከ ብሬከሩ የሚያደርሰው የባትሪ ኃይል ነው። ባትሪው ከሞተ ውሳኔ አለ፣ እጅ የለም፤ ይህም የሚታወቀው እሳት በተነሳ ቀን ነው።

የሰው ነገር ቀረ። ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ የሚጠብቁት ንብረትን ነው። ሰውን ለመግደል ከአንድ አምፔር አንድ አሥረኛ ያነሰ ሊበቃ ይችላል፤ 42 ላይ የተሞላች ኦቨርሎድ ይህን ጨርሶ አታየውም። ሰውን የሚጠብቀው የመሬት ሽቦ በሚገባ ከታሰረ በኋላ የሚጨመረው፣ ነጋዴው «ኧርዝ ሊኬጅ» የሚለው ብሬከር ነው፤ ለሰው የሚሆነው 30 ሚሊ አምፔር የተጻፈበት ነው። እጥበት ያለበት ቤት፣ የብሎኬት ማምረቻ፣ ወለሉ እርጥብ የሆነ ዳቦ ቤት በእጅ የሚያዙ መሣሪያዎችንና ሶኬቶችን ያለዚህ ማሠራት የለበትም። ፊቱ ላይ «ቲ» የተጻፈባት ትንሽ መፈተሻ አለች። ስትጫን ወዲያው መቁረጥ አለበት፤ ካልቆረጠ የዚያኑ ቀን ይቀየር።

የኦቨርሎዷ ፍተሻም ረጅም አይደለም። ኤሌክትሪሺያንዎን የሞተሩን ሰሌዳ ያስነብቡት፤ ሳጥኑን ከፍቶ የቁልፏን ቁጥር ይንገርዎት፤ ስታር ዴልታ ከሆነም ኦቨርሎዷ የት ቦታ እንደተቀመጠች ያሳይዎት። ማሽኑ በሙሉ ጭነት እየሠራ በክላምፕ ሜትር ሦስቱንም ሽቦ ይለካና ሦስቱ ቁጥሮች በሳጥኑ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ከነቀኑ ይጻፉ። ቁልፏ እስከ መጨረሻው ተጠምዝዛ ከተገኘች ማን እንዳዞራት ከመጠየቅ በፊት ለምን ትቆርጥ እንደነበር ይጠይቁ፤ ኩሽኔታው ደርቆ ወይም ቺንጋው ከልክ በላይ ጠብቆ ሊሆን ይችላል።