ቱርቦ የሌለው ሞተር በደጋ፦ ከደባርቅ እስከ መካነ ብርሃን

ጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶክተር ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገባ ይፋ አደረጉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ የመለዋወጫ ዋጋም አብሮ ወጣ። በ2017 ደግሞ አንድ ሊትር ቤንዚን ከ100 ብር አለፈ። ሦስቱ ተደማምረው የጋራዥን ወሬ ቀይረውታል። ድሮ ሞተር ጭስ ሲያበዛ ባለቤቱ «ልሽጠውና ሌላ ልግዛ» ይል ነበር፤ አሁን «ይውረድና ይታደስ» ይላል። ከወረደ አይቀር ትንሽ ጉልበት ቢጨመርበትስ? ይህ ዳሰሳ ጥያቄውን በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ግርጌ አየር ይመዝናል።

ኪሱ ያልወፈረ የመኪና ወዳጅ ሞተር የማሻሻል ሙያውን የሚፈትንበት ስፖርት በውጭ አገር አውቶክሮስ ይባላል። ሰፊ አስፋልት ላይ ኮን ይደረደራል፤ መኪኖች አንድ በአንድ ይገባሉ፤ ዳኛው ሰዓት ነው። አንዱ ዙር ብዙ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም፤ ጥምዙ ስለሚበዛም መኪናው በአብዛኛው በሁለተኛ ማርሽ ይውላል። ሰኞ ባለቤቱን ሥራ የሚያደርሰውም ያው መኪና ነው። ከሞተሩ የሚጠበቀው በዝቅተኛ ዙር መሳብ፣ ከጥምዝ ቶሎ መውጣትና ሳይግል መቆየት ነው፤ የጎንደር–ደባርቅ መንገድም ከዚህ የተለየ አይጠይቅም።

ዋናው ጉዳይ ከፍታው ነው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ራሱ ስቦ በመሆኑ፣ 100 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠው ደባርቅ ላይ ከ75 ብዙም አይርቅም። በስሜን ተራሮች ፓርክ በኩል ወደ መካነ ብርሃን የሚያልፍ መኪና ቧሂት ተራራ ላይ 4,200 ሜትር ገደማ ሲደርስ ከጉልበቱ ሢሶው ይጎድላል። በአሜሪካ ኮሎራዶ የሚካሄደው የፓይክስ ፒክ የሽቅብ ውድድር ከ2,862 ሜትር ተነሥቶ 4,302 ሜትር ላይ ያበቃል፤ ከደባርቅ ቧሂት እንደመውጣት ነው። የዚያን ዳገት ክብረ ወሰን እ.ኤ.አ. በ2018 በ7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ የሰበረው የፎልክስዋገን ኤሌክትሪክ መኪና ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታ ጉልበቱን አይነካውም። እኛ ግን ቤንዚኑን ይዘን ለጊዜው እንቆያለንና አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ የደጋ ሰው ብሩን መጀመሪያ የሳሳ አየር በማይቀንሳቸው ነገሮች ላይ ያውል።

መነሻው የትኛው ሞተር ይሁን? ምርጫውን ግብር ቀድሞ ወስኖልናል። ከ2012ቱ አዋጅ በፊት ኤክሳይስ ታክስ እስከ 1,300 ሲሲ 30፣ እስከ 1,800 ሲሲ 60፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ ነበር። አዲሱ አዋጅ ደግሞ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። ስለዚህ በየመንደሩ የምናየው ከ1,300 በታች ያለ ቶዮታ ነው፦ የዲኤክስ 4ኬ 1,290 ሲሲ፣ የቪትዝ 2ኤንዜድ 1,298 ሲሲ። የተሻለ ጉልበት በርካሽ የሚገኘው ከዚያው ቤተሰብ ትልቁን ወንድም በማምጣት ነው፤ በ4ኬ ቦታ 1,486 ሲሲ ያለው 5ኬ፣ በ2ኤንዜድ ቦታ 1,497 ሲሲ ያለው 1ኤንዜድ። የ15 በመቶ ጭማሪ በየትኛውም ከፍታ 15 በመቶ ነው። የሞተር ቁጥር ግን ሊብሬ ላይ ስለሚሰፍር ወረቀቱ ያልተሟላ ሞተር የገዛ ሰው ቦሎ በሚያድስበት ቀን ይያዛል።

ስለ ሲሊንደሩ ብዙ የሚባል የለም። ከተበላ ይሰፋል፤ ፒስቶኑና ፋሻው በግማሽ ሚሊሜትር ወይም በአንድ ሚሊሜትር ከፍ ይላል። ግማሽ ሚሊሜትር የሚጨምረው ሲሲ ከአንድ በመቶ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ጥቅሙ ፋሻው አየር ሳያሾልክ መግጠሙ ላይ ነው፤ ለደጋ ይህ ይበቃል።

ጋራዥ ሁሉ የሚከራከረው ቴስታታ ላይ ነው። ቴስታታውን ቶርኖ ቤት አስፍቆ ኮምፕሬሽን ከፍ ማድረግ ቱርቦ ለሌለው ሞተር የታወቀ ዘዴ ነው። የሚደግፉት ሰዎች ክርክር ጠንካራ ነው፦ አየሩ ሲሳሳ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፣ ቤንዚኑ ያለጊዜው ተቀጣጥሎ የማንኳኳት ዕድሉ ያንሳል፣ ስለዚህ ደባርቅ ላይ ጎንደርም አዲስ አበባም የማይፈቅዱትን ኮምፕሬሽን መሸከም ይቻላል። ፊዚክሱ እውነት ነው።

ሒሳቡ ግን ያሳዝናል። 1,300 ሲሲ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር 9 ለ1 ኮምፕሬሽን ካለው የአንዱ ሲሊንደር ማቃጠያ ክፍል 40 ሲሲ ገደማ ነው። ግማሽ ሚሊሜትር ሲፋቅ ቢበዛ 2 ሲሲ ይነሣል፤ ኮምፕሬሽኑ 9.4 ይሆናል። በቀመር ስናሰላው የሚገኘው ትርፍ ወደ አንድ በመቶ ነው። ከፍታው 25 በመቶ ወስዶ አንድ በመቶ ለመመለስ ቴስታታው ይሳሳል፤ በሌላ ቀን ሞተሩ ግሎ ቴስታታው ቢጣመም ለማስተካከል የሚፋቅ ውፍረት አይተርፍም። ካሙ ቴስታታው ላይ ሆኖ በሰንሰለት በሚዞርባቸው ሞተሮችም ቴስታታው ዝቅ ሲል የቫልቮቹ ጊዜ ይዛባል።

ከሁሉ የሚከፋው ሊማሊሞ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆረጠው ይህ መንገድ ከደባርቅ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ዛሪማ ቆላ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ቁልቁለቱ ሞተሩን አይጎዳም፤ ነዳጅ ፔዳሉ ስለማይረገጥ ጫና የለበትም። መከራው ሲመለስ ነው። ሰውና ዕቃ ሞልቶ፣ በቆላው ሙቀትና በወፈረው አየር፣ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረግጦ ዳገቱን ሲጀምር ለደባርቅ ብርድ የተሠራው ኮምፕሬሽን ፒስቶን መቀጥቀጥ ይጀምራል። በደጋ ብቻ የሚኖር መኪና ቢኖር ክርክሩን ደጋፊዎቹ ያሸንፉ ነበር። በሊማሊሞ ወርዶ ዓዲ አርቃይ የሚመላለስ መኪና ግን በአንድ ሞተር ሁለት አየር ይተነፍሳል፤ ስለዚህ ቴስታታ የሚፋቀው ለማስተካከል ያህል ብቻ ይሁን።

ያለ ቶርኖ የሚገኘው ጥቅም ይበልጣል። ካርቡራተር የአየሩን መሳሳት አያውቅም፤ ለባሕር ጠለል የተስተካከለው ደባርቅ ላይ 15 በመቶ ገደማ ትርፍ ቤንዚን ያፈሳል። ካንዴላው ጥቁር ለብሶ የሚወጣውም ለዚህ ነው። ዋናውን ጄት በአንድ ሁለት ቁጥር ማሳነስ ጉልበቱንም ነዳጁንም ያተርፋል፤ ለቆላ ጉዞ የቀድሞውን ጄት መኪናው ውስጥ ማስቀመጥ ነው። በሳሳ አየር ቅይጡ ቀስ ብሎ ስለሚቃጠል ዲስትሪቢዩተሩን ጥቂት ዲግሪ ማስቀደምም ይረዳል፤ ወደ ቆላ ሲወረድ እንዲሁ ይመለሳል። ኢንጀክሽን ያላቸው ቪትዞች ቅይጡን በኮምፒውተር ያስተካክላሉ፤ እነሱ የሚፈልጉት ንጹሕ ፊልትሮና ጤነኛ የኦክስጅን ሴንሰር ብቻ ነው።

ማርሚታ ቀይሮ ድምፅ ማብዛት ለጆሮ እንጂ ለዳገት አይጠቅምም። የናፍታዎቹን፣ የሚኒባሱን 5ኤል ጨምሮ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር እናልፋለን፦ ጥቁር ጭሱ ከአየሩ የበለጠ ናፍታ ስለሚረጭ ነው፣ ፖምፓው ይስተካከል። ማቀዝቀዣው ግን ችላ አይባልም። ደባርቅ ላይ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ በቅርብ የታደሰ ሞተርም ይቃጠላል። ርካሹ መድን አዲስ ክዳን ነው።

ከሞተሩ ውጭ ያለውን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ቁመቱ በ5 በመቶ ያነሰ ጎማ መኪናውን የሚገፋውን ኃይል በ5 በመቶ ያህል ከፍ ያደርጋል፤ ፍጥነት መለኪያው ትንሽ ይዋሻል፣ ሆዱም ለድንጋይ ይቀርባል። ከ850 ኪሎ መኪና ላይ ፖርቶመጋላውንና ሻንጣ ውስጥ የተከማቸውን ብረታ ብረት 40 ኪሎ ማውረድም ወደ 5 በመቶ ነው። ሁለቱ ተደምረው ከቴስታታ መፋቅ በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። ጥሩ ፍሬንና ጥሩ ጎማ ደግሞ በኮን መካከልም በሊማሊሞ ጥምዝም ከፈረስ ጉልበት ይቀድማሉ።

ሞተሩ ይውረድ ወይስ ይቆይ የሚለውን የሚወስነው የኮምፕሬሽን መለኪያ ነው፤ እሱም ከፍታ ያታልለዋል። የፋብሪካው መጽሐፍ 180 ፒኤስአይ ቢል ደባርቅ ላይ ከ125 እስከ 135 የሚያነብ ሞተር ጤነኛ ነው። ይህን ያላሰላ ባለቤት ደኅና ሞተር አስወርዶ ለፋሻና ለብሮንዝ ይከፍላል። ቁጥሩ ከመጽሐፉ በዚህ ልክ ዝቅ ብሎም አራቱ ሲሊንደሮች ከተቀራረቡ ብሩ ለጄት፣ ለራዲያተር ክዳንና ለጎማ ይዋል። አንዱ ከሌሎቹ ከ15 በመቶ በላይ ከወደቀ ግን ሞተሩ ይውረድ።