ክስ የወለደው ደብዳቤ

ገድሉን ደቀ መዝሙር፣ ዜና መዋዕሉን የቤተ መንግሥት ጸሐፊ በሚጽፍበት የመካከለኛው ዘመን ሥነ ጽሑፋችን ባለታሪኩ ራሱ «እኔ» ብሎ ሲነሣ እምብዛም አናይም። ብዙዎች ይህን ለትሕትና ይሰጡታል። ትሕትና ግን ስም ሲጎድፍና ሃይማኖት ሲጠረጠር ወሰን አለው። ስለ ራስ የሚናገር ደብዳቤን የሚወልደው፣ እንደ እኔ ግምት፣ ዝና ፈላጊነት ሳይሆን ክስ ነው። ፈረንሳዊው መምህር አቤላርድ የመከራውን ታሪክ ለወዳጅ በተላከ ደብዳቤ መልክ የጻፈው በ1132 ገደማ ነው (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ ከዚያ በፊት፣ በ1121፣ ጉባኤ ፈርዶበት መጽሐፉ ተቃጥሎ ነበር። 

የእኛው ተከሳሽ ጸጋ ዘአብ ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል በ1526 ከሚመለሱት የፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ላኩት፤ በማግስቱ ዓመት ሊዝበን ገባ። የንጉሥ መልእክተኛ ሆኖ የሄደው ካህን የጠበቀው ግን የሃይማኖት ምርመራ ነበር። ስለ ቀዳሚት ሰንበት፣ ስለ ግዝረት፣ ስለ ምግብ ሥርዓት የፖርቱጋል መምህራን ጠየቁት፤ ሥጋ ወደሙንም ከለከሉት። ዳሚያዎ ደ ጎይስ የተባለ ምሁር ስለ ሀገሩ እምነት እንዲጽፍለት ለመነው፤ በ1534 ጽፎ ሰጠው። አብዛኛው ስለ ጥምቀት፣ ስለ ጾም፣ ስለ ክህነት ነው። አለፍ ሲል ግን ድምፁ ይለወጣል። ለወዳጅነት እንጂ ለክርክር አልመጣሁም ይላል፤ ክርስቲያን ሆኖ ሳለ በክርስቲያኖች መካከል እንደ ውግዝ መገፋቱን በምሬት ያነሣል። እዚህ ላይ ስለ ሕዝብ የሚያስረዳው መምህር ቀርቶ የተበደለው ሰው ይናገራል።

ይህ የሃይማኖት መግለጫ እንጂ የሕይወት ታሪክ አይደለም የሚል ይኖራል። ለአንድ የዚያ ዘመን ካህን ግን ከቁርባን መከልከል ከሕይወቱ ተለይቶ የሚታይ ነገር አልነበረም። ሌላው ሙግት ይከብዳል፦ ጽሑፉ በላቲን የታተመው በጎይስ ትርጉም ስለሆነ እያንዳንዱ ቃል የጸጋ ዘአብ ነው ማለት አያስኬድም። ይሁንና የገዛ ሀገሩን መምህራን የሚያሳጣ ምሬት ፈጥሮ መጨመር ለፖርቱጋላዊው ጎይስ ምን ይጠቅመው ነበር? ዐፄ ገላውዴዎስም በ1555 ስለ ሰንበት፣ ስለ ግዝረትና ስለ እሪያ ሥጋ የጻፉት መልስ ከዚሁ ከካቶሊካውያን ወገን ለተሰነዘረ ነቀፋ ነው። የጎይስ መጽሐፍ በ1540 ሉቬን ላይ ታተመ። በ1541 ፖርቱጋል ውስጥ እንዳይሰራጭ ታገደ፤ በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ እንደገና ታተመ።