የዋሽንግተን መንገድ ሲሄዱና ሲመለሱ ለምን ይለያያል?

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ የሚጓዝ መንገደኛ፣ አውሮፕላኑ ነዳጅ እስኪሞላ ሌላ አገር አርፎ መነሳትን ለምዷል፤ ደብሊን ለዓመታት እንዲህ ያለ ማረፊያ ነበረች። ሲመለስ ግን ከደለስ ኤርፖርት ተነስቶ 13 ሰዓት ገደማ በመብረር በቀጥታ ቦሌ ይደርሳል። ርቀቱ ያው ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ሁለቱን ኤርፖርቶች የሚያገናኘው አጭሩ መንገድ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ መንገድ ግን የግድግዳ ካርታ ላይ በማስመሪያ የሚሰመረው አይደለም። የማስመሪያው መስመር በቻድ፣ በኒጀር፣ በማሊና በሞሪታንያ በኩል አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። ሉል ካለዎት፣ የክር አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ ይዘው ወጠር ያድርጉት። ክሩ ወደ ሰሜን ምዕራብ አቅንቶ በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በቱኒዚያና በአልጄሪያ ካለፈ በኋላ ስፔንና ፖርቱጋልን ያቋርጣል። ምድር ክብ በመሆኗ ይህኛው መስመር ከማስመሪያው በ500 ኪሎ ሜትር ገደማ ያጥራል።

ሰማዩም ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ የአገሪቱ የአየር ክልል ለመንገደኛ አውሮፕላኖች ተዘግቶ ብዙ በረራዎች ዞረው ለመሄድ ተገድደዋል።

የጉዞውን ርዝማኔ ከቲኬቱ ለማወቅ የሰዓት ልዩነቱን ማሰብ ያስፈልጋል። በሐምሌ ከዋሽንግተን ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ተነስቶ 13 ሰዓት የበረረ ሰው ቦሌ የሚደርሰው በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። በቲኬቱ ሲቆጠር 20 ሰዓት ይመጣል፤ 7ቱ ግን የሁለቱ ከተሞች የሰዓት ልዩነት ነው። በጥር ልዩነቱ 8 ይሆናል።

የመሄጃውና የመመለሻው በረራ እንዲለያይ ነፋስ ድርሻ አለው። 10 ኪሎ ሜትር ከፍታ አካባቢ ጄት ስትሪም የሚባል ብርቱ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ከገጠመው ፍጥነቱ ከመሬት አንጻር ወደ 800 ይወርዳል፤ ከኋላ ከገፋው 1,000 ይደርሳል። 6,000 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ በመጀመሪያው 7 ሰዓት ተኩል፣ በሁለተኛው 6 ሰዓት ይፈጅበታል። ወደ አሜሪካ ስንሄድ ነፋሱን እንጋፈጣለን፤ ስንመለስ ያግዘናል።

ነዳጅ ለመሙላት የሚያሳርፈው ዋናው ምክንያት ግን ያለው ቦሌ ነው። ደለስ ከባሕር ጠለል በላይ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ቦሌ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ክንፉ አውሮፕላኑን የሚያነሳው በአየር ነው፤ ሞተሩም ጉልበት የሚያገኘው ከሚያስገባው አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ሁለቱም ስለሚዳከሙ አውሮፕላኑ ሙሉ ክብደቱን ይዞ መነሳት ይከብደዋል። መንገደኛና ጭነት ከሚቀር ነዳጁ ይቀነስና የጎደለው መንገድ ላይ ይሞላል።

ስለዚህ ቢሾፍቱ አጠገብ ለአዲሱ ኤርፖርት የተመረጠው ቦታ ከቦሌ 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ማለቱ ትልቅ ትርጉም አለው። ዋሽንግተን በአንድ ሜትር እንኳ አትቀርብልንም፤ ከዚያ የሚነሳ አውሮፕላን ግን ተጨማሪ ነዳጅ ወይም ጭነት መያዝ ይችላል።