የዘገየ መበስበስ፦ ረግረጎች ካርቦንን እንዴት እንደሚያቆዩ

ተክል ሁሉ በሕይወት ሳለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ከአየር እየሳበ፣ በፀሐይ ብርሃን ኃይል ካርቦኑን ግንድ፣ ቅጠልና ሥር ያደርገዋል፤ ሲሞት ደግሞ ባክቴሪያና ፈንገስ አካሉን እየተመገቡ ስለሚያፈርሱት ያው ካርቦን ተመልሶ ወደ አየር ይወጣል። መበስበስ የሚባለው ይኸው የማፍረስ ሥራ ነው። በደረቅና አየር በሚገባው መሬት ላይ የረገፈው ቅጠል አብዛኛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያልቃል፤ ውሃ ዓመቱን ሙሉ በሚተኛበት ረግረግ ውስጥ ግን ሥራው ስለሚጓተት የዘንድሮው ሳይበሰብስ የከርሞው ይደረብበታል፤ መደራረቡም ለሺህ ዓመታት ሲቀጥል ወፍራምና ጥቁር ክምችት ይፈጠራል። ስለዚህ ረግረግን የካርቦን ማከማቻ ያደረገው ዋናው ነገር የተክሎቹ ፈጥኖ ማደግ ሳይሆን የሞተው አካል ቀስ ብሎ መፍረስ ነው፤ ይህን ያላገናዘበ የተፈጥሮ ጥበቃ ዕቅድ ችግኝ ሲቆጥር ውሃውን ይረሳል።

በከፊል ብቻ የበሰበሰው ያ የእጽዋት ክምችት በሳይንስ ፒት ይባላል። ፒት ያለበት መሬት ከምድራችን የየብስ ስፋት 3 በመቶ ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ በውስጡ የያዘው ካርቦን ከ500 ቢሊዮን ቶን እንደሚበልጥ ይገመታል፤ ይህም በዓለም ደኖች ሁሉ በዛፎቹ አካል ውስጥ ካለው የሚልቅ ነው። በባሕር ዳርቻ ጨዋማ ውሃን ተቋቁመው የሚያድጉት የማንግሮቭ ዛፎች፣ የባሕር ሣር የሸፈናቸው ጥልቀት የሌላቸው ወለሎችና የባሕር ሙላትና ጉድለት የሚመላለስባቸው ጨዋማ ረግረጎችም ካርቦን የሚያቆዩት በተመሳሳይ መንገድ ነው።

መበስበሱ ለምን ይጓተታል ለሚለው ጥያቄ የተለመደው መልስ የኦክስጅን እጥረት ነው። ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጭበት ፍጥነት 10 ሺህ ጊዜ ገደማ እየዘገየ ስለሆነ፣ በረግረግ ጭቃ ውስጥ የሚኖሩት ተሕዋስያን ያገኙትን ጥቂት ኦክስጅን ወዲያው ጨርሰው፣ ከዚያ ወዲያ አነስተኛ ጉልበት በሚያስገኙ ሌሎች መንገዶች ለመኖር ይገደዳሉ። በዌልስ የባንጎር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ክሪስ ፍሪማንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ያወጡት ጥናት ግን ከዚህ ጠለቅ ያለ ምክንያት አመለከተ። ተሕዋስያን የእጽዋትን አካል የሚሰባብሩት ኢንዛይም በሚባሉ፣ ኬሚካላዊ ለውጥን በሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች አማካይነት ነው። ከነዚህ አንዱ የሆነው ፌኖል ኦክሲዴዝ፣ ከተክሎች የሚገኙትንና የመበስበስን ሥራ የሚያደናቅፉትን ፌኖል የተባሉ ውሕዶች ያፈርሳል፤ ለመሥራት ግን የግድ ኦክስጅን ይፈልጋል። ኦክስጅን ሲጠፋ ይህ ኢንዛይም ሥራ ያቆማል፤ ፌኖሎቹ ይጠራቀማሉ፤ የተጠራቀሙትም ኦክስጅን የማያስፈልጋቸውን ሌሎቹን ኢንዛይሞች ሳይቀር ያዳክማሉ። ተመራማሪዎቹ ይህን ሁኔታ የኢንዛይም መቀርቀሪያ ብለውታል። አሠራሩ በሁሉም ረግረግ እኩል ኃይል ባይኖረውም፣ የሚያስከትለው ሥጋት ከባድ ነው፤ ውሃው ለአጭር ጊዜ እንኳ ዝቅ ብሎ አየር ከገባ ፌኖሎቹ ይፈርሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ውሃው ተመልሶ ቢሞላም ከእገዳ የተላቀቁት ኢንዛይሞች ሥራቸውን ሊቀጥሉ ስለሚችሉ፣ የአንድ ደረቅ ወቅት ጉዳት ከወቅቱ አልፎ ሊዘልቅ ይችላል።

እንዲህ ያለውን ዝግ ያለ ሥራ መለካት ቀላል አይደለም። ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ ሲሠሩበት የኖሩት ዘዴ የአካባቢውን ቅጠል መዝኖ በመረብ ከረጢት መቅበርና ከወራት በኋላ አውጥቶ የጎደለውን ክብደት ማስላት ነበር፤ ነገር ግን የአንዱ አገር ቅጠል ከሌላው ስለሚለይ፣ ልዩነቱ ከአፈሩ ይሁን ከቅጠሉ ለማወቅ አስቸጋሪ ሆኖ ቆየ። በኔዘርላንድስ የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ዩስት ኮይስካምፕና ባልደረቦቻቸው በ2013 ያቀረቡት መፍትሔ በቀላልነቱ የሚያስደንቅ ነው። በፋብሪካ የታሸገ የሻይ ከረጢት በየትኛውም አገር አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ እርሱን በ8 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቀብሮ ለሦስት ወር ያህል ማቆየት፣ ከዚያም አውጥቶ፣ አድርቆና መዝኖ ከመጀመሪያው ክብደት ጋር ማስተያየት ብቻ ይበቃል። የሚቀበሩት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንደኛው አረንጓዴ ሻይ ሲሆን፣ ለስላሳ ቅጠል በመሆኑ ፈጥኖ ይበሰብሳል፤ ሁለተኛው በደቡብ አፍሪካ ከሚበቅል ቁጥቋጦ የሚገኘው ሩይቦስ ሲሆን፣ እንጨታማ ስለሆነ ይዘገያል። በሦስት ወር ውስጥ የአረንጓዴው ሻይ በቀላሉ የሚፈርሰው ክፍል አልቆ የቀረው ክብደት ምን ያህሉ ካርቦን በአፈር ውስጥ ሊጸና እንደሚችል ሲያሳይ፣ ሩይቦስ ግን ገና በመፍረስ ላይ ስለሚሆን የመበስበሱን ፍጥነት ያሳያል። አንድ ሰው ሁለቱን ዓይነት በአንድ ቦታ ቀብሮ ሁለቱንም መልስ ያገኛል ማለት ነው።

ይህ ዘዴ በዓለም ዙሪያ በረግረግና በባሕር ዳርቻ የተሞከረው በአውስትራሊያ ተመራማሪዋ ስቴሲ ትሬቫታን-ታኬትና በብዙ አገሮች ያሉ ባልደረቦቻቸው ባካሄዱት ሰፊ ጥናት ነው። በ28 አገሮች በሚገኙ 180 ረግረጎችና የባሕር ዳርቻ ሥፍራዎች ወደ 19 ሺህ የሚጠጉ የሻይ ከረጢቶች ተቀብረው፣ መበስበሳቸው እስከ ሦስት ዓመት ድረስ ሲለካ ቆይቶ ውጤቱ በ2024 ታተመ። ብዙ ሻይ ሳይፈርስ የተገኘው በጨው አልባ ረግረጎችና የባሕር ሙላት በሚመላለስባቸው ሣራማ ረግረጎች ነበር። የአረንጓዴው ሻይ መበስበስ ከሙቀት ጋር ያለው ግንኙነት እንደ ሥፍራው ተለያየ፤ የሙቀቱ ተጽዕኖ በጨው አልባ ረግረግ ሲጎላ፣ የባሕር ሙላት በሚደርስባቸው ሥፍራዎች ግን ውስን ነበር። ሩይቦስ በበኩሉ የትም ይቀበር የት፣ ሙቀት በጨመረ ቁጥር መበስበሱ በረታ። ከጥናቱ ሁሉ ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው ይህ የኋለኛው ነው፤ ለረጅም ዘመን ይጸናል ተብሎ የሚታሰበው ጠንካራው ካርቦን ለሙቀት የተጋለጠ መሆኑን ያመለክታልና።

የሦስት ዓመት ልኬት ያልደረሰበትን የፒቱ ክምችት ራሱ መዝግቦ ያቆያል። በ2017 የእንግሊዝና የኮንጎ ተመራማሪዎች በኮንጎ ተፋሰስ መካከል፣ ኩቬት ሴንትራል በሚባለው ረግረጋማ ደን ሥር፣ 145,500 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍንና 30 ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን የያዘ ፒት እንዳለ ይፋ አደረጉ። ክምችቱ መፈጠር የጀመረው ቢያንስ ከ17,500 ዓመት በፊት ነው። ከዚያ በ2022 የታተመ ሌላ ጥናት ከጭቃው በተቆፈሩ ናሙናዎች ላይ ተመሥርቶ እንዳሳየው፣ ከ5,000 እስከ 2,000 ዓመታት በፊት በነበረው ዘመን የአካባቢው አየር ጠባይ እየደረቀ ሲሄድ የውሃው ከፍታ ዝቅ በማለቱ፣ በዚያን ጊዜ የተከማቸው ብቻ ሳይሆን ቀድሞ የተቀመጠውም ፒት በብዛት በስብሷል፤ መድረቁ ሲቆም ደግሞ ክምችቱ እንደገና ቀጥሏል። ቦይ የቆፈረ፣ ዛፍ የቆረጠ ሰው ሳይኖር ይህ መሆኑ የማከማቻው ጽናት በውሃ ላይ ምን ያህል እንደተንጠለጠለ ያስረዳል።

ሰው ሲጨመርበት ጥፋቱ ይፈጥናል። የኢንዶኔዥያ መንግሥት በ1990ዎቹ አጋማሽ በማዕከላዊ ካሊማንታን አንድ ሚሊዮን ሄክታር ያህል ፒታማ ደን ወደ ሩዝ እርሻ ለመቀየር በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ቦይ ካስቆፈረ በኋላ፣ በ1997ቱ ድርቅ የደረቀው ፒት በእሳት ተያያዘ፤ በዚያ ዓመት በአገሪቱ ከነደደው ፒትና ደን ከ0.8 እስከ 2.6 ቢሊዮን ቶን የሚገመት ካርቦን ወደ አየር ወጣ። ሩዙም አልሆነም።

በሌላ በኩል ረግረግ ከነቀፋ ነፃ አይደለም። ኦክስጅን በሌለበት ጭቃ ውስጥ ከሚኖሩት ተሕዋስያን አንዳንዶቹ ሜቴን የተባለውን ጋዝ ያመነጫሉ፤ ሜቴን በ100 ዓመት ሲሰላ በክብደት እኩል ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 28 እጥፍ የሚደርስ የማሞቅ ኃይል አለው። ውስጣቸው ክፍት የሆነ የረግረግ ተክሎች ጋዙን በግንዳቸው በኩል አሳልፈው ወደ አየር ያወጡታል። ሆኖም ሜቴን በአየር ላይ የሚቆየው አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ከተጠነፈፈ ፒት የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ለዘመናት እየተጠራቀመ ይሄዳል። በ2021 ኔቸር ላይ የወጣ ጥናት ለእርሻና ለግጦሽ ከተጠነፈፉ ፒታማ መሬቶች የተገኙትን ልኬቶች ሰብስቦ፣ ውሃው ከወለሉ በታች 30 ሳንቲ ሜትር እስኪደርስ ድረስ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ከፍ በተደረገ ቁጥር የማሞቅ ጫናው በሄክታር በዓመት ቢያንስ ከ3 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር በሚመጣጠን መጠን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሜቴንን በመፍራት ረግረግን ማድረቅ እንግዲህ የተሳሳተ ስሌት ነው።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። በጣና ዳርቻ የሚበቅለውና ታንኳ የሚሠራበት ደንገል በምሥራቅ አፍሪካ በብዙ ሐይቆች ዳር ያለ ተክል ሲሆን፣ በኬንያ የናይቫሻ ሐይቅ የተካሄደና በ2002 የታተመ ጥናት ደንገል የሞተው አካሉ በውሃ ሲሸፈን በካሬ ሜትር በዓመት 1.6 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ሊያከማች እንደሚችል፣ ውሃው ሸሽቶ ያ አካል ሲጋለጥ ግን በተቃራኒው 1 ኪሎ ግራም ያህል ሊያጣ እንደሚችል ገምቷል። ተክሉ ያው፣ ሐይቁም ያው ሆኖ፣ የውሃው ከፍታ ብቻ ተቀባዩን ሰጪ ያደርገዋል።

በኢሉባቦር ደግሞ ገበሬዎች የሸለቆውን ረግረግ በቦይ እያጠነፈፉ በቆሎ ሲዘሩ፣ ካልታረሰው ክፍል ለቤት ክዳን የሚሆን ጨፌ ሲያጭዱ ኖረዋል። ይህን የሚያደርጉት እህል በሚያልቅበት ወራት ቤተሰብ ለመመገብ ስለሆነ፣ ጥፋት ብቻ አድርጎ መመልከት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ከመካከላቸውም ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ቦዩን ደፍነው ውሃው እንዲመለስ የሚያደርጉ አሉ። ቦዩ በሚደፈንበትና ዓመቱን ሙሉ ክፍት ሆኖ በሚቆይበት ማሳ መካከል የመበስበሱ ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ለመለካት ውድ መሣሪያ አያሻም፤ አካፋ፣ የናሙና ማድረቂያ ምድጃ፣ ረቂቅ ሚዛንና ሁለቱ ዓይነት ሻይ ይበቃሉ። ከረጢቶቹ በተቀበሩበት ሥፍራ የውሃውን ከፍታ የሚያሳይ በቁጥር የተመለከተ ዘንግ ተተክሎ በየሳምንቱ መነበብ ግን ይኖርበታል፤ ያ ካልተመዘገበ የክብደቱ መጉደል ከሙቀት የመጣ ይሁን ከቦዩ መለየት አይቻልም።