የፈሰሰውን ሳያውቁ አለመፈተግ፦ የስጋጃ እድፍ አወጣጥ

የካቲት 16 ቀን ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ ወደ እንጦጦ የሚወጣ ምእመን ጫማውን አውልቆ ወደ ቤተ መቅደሱ ይገባል። ጫማ የማይረግጠው ምንጣፍ ግን ከእድፍ አያመልጥም፤ የጧፍ ሰም ይንጠባጠብበታል። በየካ ኮረብታዎች ሥር ባሉት ቤቶች ደግሞ ስጋጃው ላይ ቡና ይደፋል፣ ወጥ ይንጠባጠባል፣ የሕፃን ወተት ይፈስሳል። አብዛኛው ሰው ለዚህ ሁሉ ያለው መልስ አንድ ነው፤ ሙቅ ውኃ፣ ኦሞና ብርቱ ፍትጊያ። ይህ መልስ ብዙ ጊዜ ከእድፉ የባሰ ጉዳት ያደርሳል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ እድፍ ጠባዩ ልዩ ነው፣ የሚወጣውም በጠባዩ ነው።

ለዚህ ሰም ጥሩ ማስረጃ ነው። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። ትኩሱን የጠረገ ሰው ወደ ክሩ ሥር ያሰርገዋል፤ እስኪጠነክር የታገሠ ግን አብዛኛውን በማንኪያ ጀርባ ፍቆ ያነሣዋል። የቀረውን ነጭ ወረቀት አልብሶ ለብ ባለ ካውያ ቢነካው ወረቀቱ ይመጥጠዋል። ስጋጃው ከፕላስቲክ ክር የተሠራ ከሆነ ግን የጋለ ካውያ ክሩን ራሱን ስለሚያቀልጠው እጅግ መጠንቀቅ ያሻል። የወጥ ጠባይ ሌላ ነው። የበርበሬ ቅላት የሚሟሟው በዘይት እንጂ በውኃ ስላልሆነ፣ ውኃ ብቻውን እድፉን ያሰፋዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ ጥራጊውን ማንሣት፣ ዱቄት ነስንሶ ቅባቱን ማስመጠጥ፣ ከዚያ በኋላ በፈሳሽ ሳሙና መንካት ነው። ቡና በተቃራኒው በውኃ ይሟሟል፤ ሳይደርቅ በደረቅ ጨርቅ ተጭኖ ማስመጠጥ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ማራስ፣ ጥላው ከቀረ በውኃ በቀጠነ አቸቶ መንካት ይበቃዋል። ወተት፣ እንቁላልና ደም ግን ሙቅ ውኃ ሲያገኙ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ይረጋሉ፤ ክሩንም አጥብቀው ይይዛሉ። ለእነርሱ የሚሆነው ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ነው።

«በረኪና እያለ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል ይኖራል። በረኪና በእርግጥ ያነጣል፤ ነገር ግን የሚያነጣው እድፉን ብቻ አይደለም፣ የስጋጃውንም ቀለም ይወስዳል። ከመንዝ በሚመጣ የበግ ጠጉር ምንጣፍ ላይ ከፈሰሰ ደግሞ ጉዳቱ ይከፋል፤ ጠጉር ፕሮቲን ስለሆነ በረኪናው ክሩን ይበላዋል። ሌላው «የአያቶቻችን እንዶድ ይበቃል» ይላል። እንዶድ ሸማን ለዘመናት ያጠበው አረፋ የሚሰጥና ቅባት የሚያላቅቅ ነገር ስላለው ነው፤ ለበግ ጠጉርም ከበረኪና እጅግ ይሻላል። ሆኖም ተፈጥሯዊ የሆነ ሁሉ ጉዳት የለሽ አይደለም። የእንዶድ ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ጅረት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተዋል፤ የገደላቸው ይኸው የእንዶድ እጣቢ ነበር፤ ዓሣንም ይገድላል። ከእንጦጦ የሚነሣው የቀበና ወንዝ ቁልቁል ወደ ከተማው ስለሚፈስ፣ እጣቢውን ወደ ጅረት መድፋት ተገቢ አይደለም።

የቀረው ጥያቄ ድካሙን የሚመለከት ነው፤ በኃይል መፈተግ ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል። ፍትጊያ ግን ክሩን ያጎፍራል፣ እድፉንም ወደ ጎን ይገፋዋል። ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይዞ ከእድፉ ዳር ወደ መካከሉ እየተጫኑ ማንሣት፣ ማንኛውንም ፈሳሽ አስቀድሞ በማይታይ ጥግ መሞከር፣ በመጨረሻም ሳሙናውን በውኃ በደንብ ማስወገድ ከድካሙ ይልቅ ትርፉ ይበዛል፤ ክሩ ላይ የቀረ ሳሙና አዲስ አቧራ ይስባልና። ከፍታው 3,000 ሜትር በሚያልፈው በእንጦጦ፣ ይልቁንም በክረምት፣ እርጥብ ስጋጃ ቶሎ አይደርቅም፤ ላዩ ደርቆ ታቹ ሻጋታ ያወጣል። ስለዚህ ውኃውን መቆጠብ፣ ስጋጃውንም ነፋስ በሚያገኝበት አንጠልጥሎ ማድረቅ ያስፈልጋል። ጀርባው ተዳስሶ እስኪደርቅ ድረስ አጠባው አላለቀም።