የአፈርን እርጥበት በጋማ ጨረር መለካት

በድርቅ በተጠቃ አካባቢ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ገበሬው የተረፈችውን ጥቂት ዘር ለመዝራት ይቸኩላል። ነገር ግን የአፈሩ ገጽ ረጠበ ማለት የሰብሉ ሥር የሚደርስበት ጥልቀት ውሃ አገኘ ማለት አይደለም። ዝናቡ ቢቋረጥ ቡቃያው ይደርቃል፤ ዘሩም ከንቱ ይቀራል። ስለሆነም አፈር ምን ያህል ውሃ እንደያዘ በትክክል ማወቅ የቤተ ሙከራ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ነባሩ ዘዴ አፈር ቆፍሮ በማውጣት ከመዘኑ በኋላ በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ለ24 ሰዓት አድርቆ እንደገና መመዘን ነው። ዘዴው አስተማማኝ ቢሆንም የተወሰደው አፈር ወደ ቦታው ስለማይመለስ በዚያው ነጥብ ላይ ልኬቱን መድገም አይቻልም። በጋማ ጨረር መለካት ይህን ችግር ያቃልላል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ሲዚየም 137 የተባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በእርሳስ ማቀፊያ ውስጥ ይቀመጣል። በጠባብ ቀዳዳ የሚወጣው ጨረር በአፈሩ ውስጥ አልፎ በወዲያኛው በኩል በቆመ ቆጣሪ መሣሪያ ይመዘገባል። አፈሩ ብዙ ውሃ በያዘ መጠን የሚያልፈው ጨረር ይቀንሳል፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ውሃ ከጨረሩ 8 በመቶ ያህሉን ያስቀራል። ለምሳሌ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለው አፈር ግማሹ ባዶ ቀዳዳ ቢሆን፣ ቀዳዳው በድምሩ የ5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይኖረዋል። አፈሩ ደረቅ ሳለ ከተቆጠረው ጨረር 8 በመቶ ቢጎድል ውሃው 1 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ይኸውም ከቀዳዳው የሞላው 20 በመቶው ብቻ ነው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ስሌት የሚሠራው የአፈሩ እፍጋት ሳይለወጥ ሲቀር ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች በብዛት የሚገኘው ጥቁር የዋልካ አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በዚህ ጊዜ ደካማ ጨረር ያለው አሜሪሲየም 241 ከሲዚየሙ ጋር ተጣምሮ ይሠራበታል። ውሃውና አፈሩ ሁለቱን ጨረሮች በተለያየ መጠን ስለሚያስቀሩ፣ ከሁለቱ ቆጠራዎች የውሃውን መጠንና የአፈሩን እፍጋት ለይቶ ማስላት ይቻላል።

ጨረሩ ጤናን ይጎዳል፤ የሲዚየም 137 ኃይል በግማሽ ለመቀነስም 30 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። በመሆኑም መሣሪያው የሠለጠነ ሰውና ጥብቅ ጥበቃ ይሻል፤ ተገቢ ቦታውም በአመዛኙ ቤተ ሙከራ ነው። ከዚያ የሚገኘው ዕውቀት ግን ለእርሻው ይተርፋል። ለሠፈራ የሚታሰብ መሬት በሚጠናበት ጊዜ የሚዘንበውን ዝናብ ብቻ ሳይሆን፣ አፈሩ ውሃውን እስከ ምን ጥልቀት እንደሚያሰርግና ለስንት ቀን ይዞ እንደሚያቆይ አስቀድሞ መመርመር ይገባል።