ማንግሮቭና እየሰጠመ ያለ መሬት፦ የዴማክ ጠረፍ ልምድ

በኢንዶኔዥያ የጃቫ ደሴት ሰሜናዊ ዳርቻ የሚገኘው የዴማክ ጭቃማ ጠረፍ ቀድሞ በማንግሮቭ ደን የተሸፈነ ነበር። ደኑ ተመንጥሮ መሬቱ የዓሣና የሽሪምፕ ማርቢያ ኩሬ ከሆነ በኋላ ባሕሩ ዳርቻውን እየሸረሸረ ወደ ውስጥ ዘለቀ፤ እንደ ቲምቡልስሎኮ ያሉ መንደሮችም በውኃ ተከበቡ።

የማንግሮቭ ሥር፣ ግንድና ቅርንጫፍ በሚፈጥሩት ሰበቃ የሞገድ ኃይል ይዳከማል። 100 ሜትር ስፋት ያለው ደን የሞገድን ከፍታ ከ13 እስከ 66 በመቶ እንደሚቀንስ ልኬቶች ያሳያሉ። የልዩነቱ ስፋት ከዛፎቹ ጥግግትና ከውኃው ጥልቀት ጋር የተያያዘ ነው። ወጀብ የሚገፋውን የባሕር ሙላት ለመቀነስ ግን በኪሎ ሜትር የሚለካ ስፋት ያስፈልጋል፤ ጠባብ የዛፍ መቀነት ከዚህ አደጋ አያድንም።

በለስላሳ ጭቃ ላይ የሚገነባ ግንብ ሞገዱን መልሶ ስለሚወረውር ፊት ለፊቱ ያለው ጭቃ ይታጠባል። እ.ኤ.አ. በ2015 በዴማክ የተጀመረው ፕሮጀክት በዚህ ፈንታ በኔዘርላንድስ ረግረጋማ ጠረፎች የተለመደውን ዘዴ ተከተለ፤ ይኸውም በሁለት ረድፍ ምሰሶዎች መካከል ጭራሮ የታጨቀበት፣ ውኃ የሚያሳልፍ አጥር ነው። ሞገዱ አጥሩን ሲያልፍ ይዳከማል፤ የተሸከመው ደለልም ከጀርባው ይዘቅጣል። መሬቱ በቂ ከፍታ ሲያገኝ የማንግሮቭ ዘር ያለ ሰው እጅ ይበቅላል። ችግኝ ተከላ ለዘመቻና ለፎቶግራፍ የተመቸ ቢሆንም፣ መሬቱ ዝቅ ባለበት ቦታ የተተከለው ሥር ሳይሰድ በውኃ ይወሰዳል።

በአንዳንድ አጥሮች ጀርባ ደለል ተጠራቅሞ ማንግሮቭ በቅሏል። ምሰሶዎቹን ግን እንጨት ቦርቧሪ የባሕር ፍጥረታት በአጭር ጊዜ ስለሚበሏቸው ጥገናው የማያቋርጥ ሆነ። ከዚህ የከበደው ችግር የመሬቱ መስጠም ነው። በአጎራባቿ የሰማራንግ ከተማና በዙሪያዋ የከርሰ ምድር ውኃ በብዛት ስለሚቀዳ፣ መሬቱ በአንዳንድ ቦታዎች በዓመት ከ8 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሰጥማል፤ የዓለም ውቅያኖሶች አማካይ ከፍታ የሚጨምረው ግን በዓመት 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ደለል በዚህ ፍጥነት ሊከማች ስለማይችል፣ የአጥሩና የደኑ ዕጣ ፈንታ በጠረፉ ላይ ከሚሠራው ይልቅ በጥልቅ ጉድጓዶች ቁጥጥር ላይ ተንጠልጥሏል። እስከዚያው ነዋሪዎች የቤታቸውን ወለል ደጋግመው ከፍ ያደርጋሉ፤ ከቤት ወደ ቤትም በእንጨት ድልድይ ይሻገራሉ።